ከመንጋ ጋር ያደገ ጠባቂ

ስለ ካንጋል ውሻ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ግዝፈቱ ነው። እውነት ነው፣ ያደገ ወንድ ካንጋል ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፊቱ ጥቁር፣ ገላው አሸዋ የመሰለ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ ነው። ጠባቂ ያደረገው ግን ከጉልበቱ ይልቅ አስተዳደጉ ነው።

አገሩ የቱርክ ሲቫስ ግዛት፣ ስሙን ያገኘበት የካንጋል ወረዳ ነው። ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ሐሩር በሆነበት በዚያ አምባ ላይ እረኞች ተኩላን ሲከላከሉበት ኖረዋል። ተኩላ ጉሮሮ ላይ ስለሚያነጣጥር እሾሃማ የብረት የአንገት ማሰሪያ ያስሩለታል። ካንጋል በግ አይነዳም፤ ከመንጋው ጋር ይውላል፣ ያድራል። እንግዳ ነገር ሲያይ ይነሳል፣ ይጮኻል፣ በመንጋውና በመጪው መካከል ይቆማል። መናከስ የመጨረሻው እርምጃው ነው።

ይህ ጠባይ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የናሚቢያ ገበሬዎች ከብታችንን ፈጀብን እያሉ አቦሸማኔን በብዛት ይገድሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሎሪ ማርከር የመሠረቱት የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በ1994 የካንጋል የቅርብ ዘመድ የሆነውን የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ለገበሬዎች ማደል ጀመረ። አቦሸማኔ የሚኖረው በሩጫው ነው፤ እግሩ ከተጎዳ ይራባል። ስለዚህ ግዙፍ ውሻ ሲጮኽበት ከመታገል መሸሽን ይመርጣል። ፍየሉም ይተርፋል፣ አቦሸማኔውም ከጥይት ይድናል። ይህን ያህል ቀላል መፍትሔ ይህን ያህል ሕይወት ማትረፉ በእጅጉ ያስደስታል።

ምስጢሩ ያለው በቡችላነቱ ወራት ነው። ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ወደ ፍየሎቹ በረት ይገባል፤ ሽታቸውን ይለምዳል፣ ቤተሰቦቹ ያደርጋቸዋል። በዚያ ዕድሜው ከቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ከዋለ ግን ልቡ ከመንጋው ይልቅ ወደ ቤት ይሳባል። ጎረምሳ ሳለም ግልገል እያሳደደ መጫወት ይቃጣዋል፤ ያን ጊዜ የሚገራው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን ፍጡር ለግርማው ብቻ ገዝቶ በጠባብ ግቢ በሰንሰለት ማሰር በደል ነው። የሚጠብቀው መንጋ፣ የሚዞርበት ሜዳ የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። የናሚቢያው ድርጅት ውሻ ሰጥቶ ዞር አይልም፤ ገበሬውን ስለ አያያዙ ያስተምራል፣ ቡችላውን ያስከትባል፣ ከዚያም እርሻው ድረስ እየሄደ እድገቱን ይከታተላል።