የወንዝ ሥዕልና የጓሳ ሣር

በየቤታችን ግድግዳ የሰከነ ወንዝ ሥዕል ተሰቅሎ እናያለን። ኢምፕሬሽኒስት ከተባሉት ሠዓሊዎች አንዱ፣ ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በጀልባ ሆኖ የሴንን ወንዝ ይሥል፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥርም ሸራውን ይለውጥ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ የያዘው የአንዲት ቅጽበት ጸጥታ ነው።

የጓሳ ምንጮች ጸጥታ ግን የብዙ ዓመት ትዕግሥት ፍሬ ነው። የመንዝ አባቶች አለቃ መርጠው የጓሳን ሣር ከ3 እስከ 5 ዓመት ከከብትና ከማጭድ ይከለክሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ሣሩ ዝናሙን ይዞ ምንጮችን ይመግባል፤ ከፊሉም ውሃ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

እንግዲህ ሥዕሉን ስናደንቅ፣ ልጆቻችንን «የወንዙን ምንጭ ማን ይጠብቀዋል?» ብለን እንጠይቃቸው።