ስለ ዘይት ማጣሪያና ስለ መፍቻው

የዛሬው ምክራችን በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች መኪና ላላቸው ቤተሰቦች ይጠቅማል ብለን ያሰብነው፥ ሾፌሮች ፊልትሮ ስለሚሉት ስለ ሞተር ዘይት ማጣሪያ አፈታት ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ አይደለም። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ጊምቢ፥ ወደ በደሌ ወይም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ዳገትና ቁልቁለት፥ በበጋም አቧራ ያጋጥመዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚደክም ሞተር ዘይቱ ቶሎ ይቆሽሻል። ስለዚህ ማጣሪያው የመኪናው መጽሐፍ ለከባድ ሥራ በወሰነው ኪሎ ሜትር ሊለወጥ ይገባዋል።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ሞተሮች ዛሬ የምናውቀው ማጣሪያ አልነበራቸውም። ኧርነስት ስዊትላንድ የተባለ አሜሪካዊ የዘይት ማጣሪያውን ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ሲሆን፥ እየዞረ የሚገባው ባለ ቆርቆሮ ማጣሪያ የመጣው በ1954 ነው። ይህ የኋለኛው በቀላሉ እንዲፈታ የተሠራ ነው። እምቢ የሚለው አስቀድሞ ከልክ በላይ ስለ ጠበቀ፥ ወይም የጎማ ቀለበቱ በሙቀት ስለ ተጣበቀ ነው።

ዳኛ ማስረጃ ሳይመለከት ፍርድ እንደማይሰጥ፥ ባለ መኪናም ማጣሪያውን ሳይመለከት መፍቻ አይግዛ። የሚመለከተውም ሦስት ነገር ነው፤ እርሱም የማጣሪያው ዓይነት፥ ውፍረቱና በዙሪያው ያለው ስፍራ ነው።

ማጣሪያው ባለ ቆርቆሮ ሆኖ ጫፉ ጎን ጎን ያለው እንደ ሆነ፥ ከሁሉ የሚሻለው እንደ ቆብ የሚደፋው መፍቻ ነው። ቆቡ በውፍረትና በጎን ቍጥር ከማጣሪያው ጋራ መስማማት አለበት። 65 ሚሊ ሜትርና 14 ጎን ላለው ማጣሪያ የ74 ሚሊ ሜትር ቆብ ቢያመጡለት በከንቱ ይዞራል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ማጣሪያ ወይም በላዩ የተጻፈውን ቍጥር ይዞ መሄድ መልካም ነው።

ልኩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ባለ ሦስት ጥፍሩ መፍቻ ብዙ ውፍረት ይይዛል፤ ነገር ግን ከማጣሪያው ፊት ለፊት ባዶ ስፍራ ይፈልጋል። ከጎን ብቻ የሚደረስበትን በጠፍር መፍቻ መያዝ ይቻላል፤ ጠፍሩም ቆርቆሮው ጠንካራ በሆነበት፥ በሥሩ አጠገብ ይጠመጠም። ባለ ሰንሰለቱ ለትልልቅ የጭነት መኪና ማጣሪያ የሚገባ ነው፤ ስሱን ቆርቆሮ ግን ይጨፈልቃል።

በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ክዳኑ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ሆኖ፥ የሚለወጠው በውስጡ ያለው የወረቀት ማጣሪያ ብቻ ነው። ለዚህ በልኩ ከተሠራው ቆብ በቀር ሌላ መፍቻ አይቅረብ፤ ክዳኑ ይሰነጠቃልና። ሲገጠምም የሚጠብቅበት ልክ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ ተጽፏል።

አንዳንድ ሰዎች ማጣሪያውን በካቻቢቴ ወግተው ለማዞር ይቸኩላሉ። ቆርቆሮው ተቀዶ ሥሩ በሞተሩ ላይ የቀረ እንደ ሆነ፥ የሩብ ሰዓቱ ሥራ የቀን ሙሉ ሥራ ይሆናል።

ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ለብ ብሎ ይጥፋ፤ የሚያቃጥል ግን አይሁን። ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ተይዞ በእጅ ይሞከር፤ ከጫፉ በኩል ሲያዩት ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ይዞራል። እምቢ ሲል ብቻ ወደ መፍቻው ይኬድ።

ከተፈታ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ከሁሉ ይበልጣል። አሮጌው የጎማ ቀለበት ከማጣሪያው ጋራ መውጣቱን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። በሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተደረበ፥ ዘይቱ በመንገድ ላይ ተገፍቶ ይፈስና ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይበላሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኮላ የተገጠመ ማጣሪያ የሚከዳው ከቤት ርቀው ሳለ፥ ምናልባትም ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት ይዘው ሲገሰግሡ ነው።

አዲሱን ለመግጠም መፍቻ አያስፈልግም። ቀለበቱ ጥቂት ዘይት ይቀባ፤ ገጹን ከነካ በኋላም በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ይጨመርለት፤ በማጣሪያው ላይ ሌላ ልክ ተጽፎ እንደ ሆነ ግን እርሱ ይጠበቅ። አዲሱ ዘይት በልኩ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ይነሣ፤ ቀዩ የዘይት መብራት መጥፋቱና ከሥር የሚንጠባጠብ አለመኖሩም ይታይ። የተቃጠለውም ዘይት በዕቃ ይጠራቀም እንጂ በወንዝ ወይም በጓሮ አይፈሰስ።

ዛሬ ማጣሪያውን በእጁና በልኩ ያጠበቀ ሰው፥ በሚቀጥለው ጊዜ ብዙ ትግል ሳያስፈልገው ይፈታዋል። ተስማሚውን መፍቻ ከመኪናው ጋራ ማኖርም ለባለ ቤቱ ትንሽ ወጪ፥ ለመንገደኛው ቤተሰብ ግን ትልቅ ዕረፍት ነው።