ገጣባው ሳይሽር መጫን

ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ደወል ሲደወል፣ በመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጠውን ሕዝብ ቁጭ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ላብና ትንፋሽ መካከል አንዳንድ ጊዜ እርምጃው ከሌላው የተለየ ወጣት ይታየዋል። እኔ አንድ የበጋ ማለዳ ያየሁት ወጣት ቀኝ ጉልበቱን በፋሻ አጥብቆ ያሰረ፣ ሽቅብ ሲወጣ የማያነክስ፣ ቁልቁል ሲወርድ ግን እግሩን ወደ ጎን እየጣለ እያንዳንዱን እርከን በሁለት እግሩ የሚረግጥ ነበር፤ ከታች ሰዓት ይዞ የቆመው ጎልማሳም «አንድ ዙር ብቻ ቀረህ፤ እሑድ እኮ ጨዋታ አለ!» አለው። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ እንደ ገና ሽቅብ ወጣ።

ብዙ ባለጸጋ እግሮችን ከሜዳ ያስቀረች ይህች «እሺ ጋሼ» የምትባል አጭር ቃል ናት፤ ነገር ግን በአገራችን የእግር ኳስ ወግ እርሷን የሚከስ ሰው አልተገኘም። የሚከሰሰው እግሩ ራሱ ነው። ከከተማችን ቡና ቤቶች እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ ድረስ፣ ጥበቡን ሁሉ ያደነቀለት ግን በየጥቂት ሳምንቱ ተጎድቶ የሚወጣ ተጫዋች ስሙ በተነሣ ቍጥር «እሱማ ብርጭቆ ነው!» የምትል ፍርድ ትሰጣለች፤ ይህችም ፍርድ ምስክር ሳይሰማባት፣ ይግባኝ ሳይጠየቅባት ጸንታ ትኖራለች። ጥበቡን ከፈጣሪ የተሰጠ ጸጋ እንለዋለን፤ ያሸነፈበትን ጨዋታ ለአሠልጣኙ እንቈጥረዋለን፤ የተጎዳ ዕለት ግን ጉዳቱን ለራሱ ለልጁ እንተውለታለን። እንዲህ ያለውን የትርፍና የኪሳራ አከፋፈል መርካቶ ውስጥ እንኳ የሚቀበል ሸሪክ አይገኝም።

በእርግጥ የሰው ገላ ሁሉ እኩል አልተፈጠረም፤ ይህን የሚክድ ሰው ተፈጥሮን መካዱ ነው። የስፖርት ሕክምና ሊቃውንትም ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ አንድ ጡንቻ ወደ ፊት እንደሚጎዳ ከሚያስጠነቅቁት ምልክቶች ዋነኛው አስቀድሞ የተጎዳ መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ነገር በደንብ ቢመረመር የሚኰንነው ልጁን ሳይሆን እኛን ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ በቅጡ ሳይሽር የተተወው የመጀመሪያው ጉዳት ልጅ ነውና። ቋንጃው የተሰነጠቀ አጥቂ ሕመሙ የሚለቀው ኃይሉ ከመመለሱ በፊት ነው፤ ጥቂት ቀናት ቈይቶ ሳያነክስ ይራመዳል፣ ከዚያም ሶምሶማ ይሮጣል፣ «ዳንኩ» ይላል፣ ሲናገርም አይዋሽም፤ ጠባሳው ግን እንደ አዲስ ስፌት ገና ያልጠና ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ በደከመበት በሰባኛው ደቂቃ ተከላካይን ለመቅደም ባለ በሌለ ፍጥነቱ ሲወነጨፍ ያው ቦታ ይለቅቅበታል። በጉልበት ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የሚያልፈው ጅማት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በቀዶ ጥገና ከተጠገነ በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ውድድር የተመለሰ ተጫዋች ዳግመኛ የመጎዳቱ ነገር እጅግ የሚያሠጋ መሆኑ ተጽፎ የታወቀ ነው። ዘጠኝ ወር እናት የምትሸከመው ጊዜ ነው፤ የኛ ክለብ ግን በአምስተኛው ወር «ምነው፣ ገና ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ጥቂት ልበል። የአባቶቻችን ወጌሻ የወለቀ ትከሻ በመመለስ የተመሰገነ ባለሙያ ስለ ነበረ ሙያውን አላቃልልም፤ ምንም እንኳ በጥብቅ የታሰረ ቀርከሃ ደም አግዶ እግር እስከ ማስቈረጥ የደረሰበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞቻችን ቢመሰክሩም። የኔ ቅሬታ በእግር ኳሳችን ውስጥ «ወጌሻ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበት ውኃ የሚያቀብለውንም፣ እግር የሚያሸውንም፣ ስለ ጡንቻ የተማረውንም በአንድ ስም አጠቃልሎ መያዙ ነው። ስታዲየሙ ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ክፍል ተቀምጬ ያየሁት ነገር አሁንም ከዐይኔ አልጠፋም፤ አንድ የመስመር አጥቂ ቍርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ፣ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጦ ገባ፣ ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ስፕሬዩን ነፋበት፣ በውኃ አራሰው፣ ሁለት ጊዜ ጠመዝዞ አየው፤ ከዚያም ልጁን ሳይሆን ቀና ብሎ የተጠባባቂውን ወንበር ተመለከተ። አሠልጣኙ በእጁ «ይነሣ» የሚል ምልክት ሰጠ። ያ ስፕሬይ ቆዳን አቀዝቅዞ ለጥቂት ደቂቃ ስሜትን ከመከልከል በቀር የሚፈውሰው አንዳች ነገር የለውም፤ ይሁን እንጂ ልጁ እያነከሰ ሲነሣ በዙሪያዬ የነበረው ሕዝብ «ጀግና!» ብሎ አጨበጨበ፤ ልክዳችሁ አልችልም፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ነበሩ፤ ያን ዕለት ሳላዲንን በስሙ የማይጠራ አፍ አልነበረም። ከሦስት ወር በኋላ ጥር 13 ቀን፣ በ1954 ዓ.ም. እነ ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ዋንጫውን ባነሡበት ዕለት መታሰቢያ፣ ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ሳያገባ ሲቀር ወቀስነው፤ ያም ደግ ነው፣ ወቀሳ የጨዋታ ወግ ነው። ነገር ግን ይህ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ፣ በግብፅ፣ በቤልጂግና በአልጄሪያ ማሊያ የለበሰ አጥቂ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ ባራቀው ጊዜ፣ ያው አፍ በእግሩ ሲሳለቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ በየትኛው ጭቃ ላይ፣ ከየትኛው ጉዞ በኋላ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በየተራ በአንድ ከተማ ተሰብስበው በአንድ ሜዳ ላይ ጨዋታ በጨዋታ ላይ እየደረቡ ሲጫወቱ፣ ሜዳው ራሱ ዕረፍት አጥቶ ሣሩ ሲነቀል እያየን፣ የልጁ ጡንቻ ከሣሩ የበረታ እንዲሆን መጠበቃችን ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ባሕር ማዶ ያሉትም ቢሆኑ ከዚህ ስሕተት ንጹሓን አይደሉም። የአርሴናል ደጋፊዎች ወዳጆቼ ጃክ ዊልሼር ስለሚባለው ልጅ ዛሬም ይቈጫሉ፤ በ19 ዓመቱ በአንድ የውድድር ዘመን 49 ጨዋታ ለክለቡ አጫውተውት ሲያበቁ፣ የሚቀጥለውን ዘመን በሙሉ በቍርጭምጭሚቱ ሕመም ከሜዳ ውጭ አሳለፈው። ብራዚላዊው ሮናልዶም በኅዳር 1992 ዓ.ም. የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ፣ ገና አምስት ወር ሳይሞላው ሚያዝያ ላይ ሮም ከተማ ውስጥ ተቀይሮ ገባ፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቈይ ያው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ወደቀ። ኋላ ግን ታግሠው ጠበቁትና በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አገባ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የቶተንሃሙ ተከላካይ ሌድሊ ኪንግ ነው። ይህ ሰው በአንድ ጉልበቱ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ለስላሳ ክፍል አልቆበት ሳለ፣ ክለቡ ነገሩን ተረድቶ ሳምንቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ልምምድ እንዳይሠራ ፈቀደለት፤ ሲዋኝ ሰንብቶ፣ ጡንቻውን በዝግታ ሲያጠነክር ቈይቶ፣ በጨዋታው ቀን ብቻ ማሊያውን ለብሶ ይገባ ነበር፤ በዚህም ሁኔታ በርካታ ዓመታት አገለገለ። በሰኔ 2002 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዞት ሄዶ በመጀመሪያው ጨዋታ አሰለፈው፤ እኩሌታው ሲያልቅ ብሽሽቱን ተጎድቶ ወጣ፣ በዚያ ዋንጫም ዳግመኛ አልተሰለፈም። እግሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ የእነርሱ መሣሪያና ሐኪም ከየት ይመጣል?» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ። መዋኛውን ተዉትና፣ ኪንግን ያቈየው በዋነኛነት መሣሪያ አልነበረም፤ «ዛሬ አትሥራ» የምትል ቃል ናት፣ እርሷም ገንዘብ አታስወጣም። ተጫዋቹ የሮጠበትን ደቂቃና የታመመበትን ቀን መዝግቦ ለመያዝ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። ገበሬው ከክለቦቻችን ሁሉ ይልቅ ድሃ ነው፤ ሆኖም አስተዋይ ከሆነ ጫንቃው የተመለጠ በሬ አይጠምድም፣ ገጣባ ያለባትን አህያም ገበያ ቢያመልጠው እንኳ አይጭንም፤ ይህንም የሚያደርገው ከርኅራኄ ብቻ አይደለም፣ ከብቱ ካለቀ የሚመጣውን ክረምት በምን እንደሚያርስ ስለሚያስብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ቢሆን በጾም ነገር ያን ያህል የጠበቀ ሆኖ ሳለ፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። ቀኖና የፈቀደውን፣ ሸገር ደርቢ የሚባለው ጨዋታ የሚከለክለው በምን ሥልጣኑ ነው?

ሌላው የሚቀርበው መከላከያ «ልጁ ራሱ ነው ልጫወት ያለው» የሚለው ነው። አዎን፣ ይላል! የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚፈልገው ክለብ መኖሩን የሚጠራጠር፣ እናቱን ከቀበሌ ቤት ለማውጣት ያሰበ የሃያ ዓመት ልጅ ሌላ ምን ሊል ይችላል? አሠልጣኙም ቢሆን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ እንደሚሰናበት እያወቀ፣ ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ስለሚኖረው ጉልበት እንዲጨነቅ መጠበቅ ከሰው ባሕርይ በላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ኀጢአቱ ፈቃዳችን ላይ ሳይሆን ሥርዓታችን ላይ ነው፤ በልጁ መመለስ የሚጠቀመው ሰው የመዳኑን ፍርድ ራሱ እንዲሰጥ አድርገናልና። ባለሙያው ደመወዙን የሚያገኘው አሠልጣኙ በወደደው ልክ እስከ ሆነ ድረስ፣ ዐይኑ ከተጎዳው ቍርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ ተጠባባቂው ወንበር መሄዱ አይቀርም።

እንግዲህ የክለብ መሪዎች ሆይ፣ በዚህ ክረምት ተጫዋች ስታስፈርሙ ከፊርማው ገንዘብ ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ የተጎዳ ተጫዋች ወደ ሜዳ የሚመለሰው ሐኪሙ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን፣ በሕመሙ ወራትም ደመወዙ የማይቋረጥ መሆኑን ጻፉ። እናንተም የካታንጋና የሚስማር ተራ ወንድሞቼ፣ ስታዲየማችን ገብተን በቦታችን የተቀመጥን ዕለት፣ ልጁ እያነከሰ ሲነሣ አታጨብጭቡ። «ይቀየር!» በሉ።