የምንዛሪ ገበያ ቍጥር ምን ይነግረናል?

የእጅ በእጅ የውጭ ምንዛሪ ግብይት፣ እንደ አክሲዮን ገበያ ማዕከላዊ መዝገብ የሌለው፣ በለንደን፣ በኒውዮርክ፣ በሲንጋፖርና በቶኪዮ ባሉ ባንኮችና ደላሎች መካከል የተበተነ ስለ ሆነ፣ ምሉእ መጠኑን በየደቂቃው የሚያውቅ አንድም ፍጡር የለም። ደላላው ከዋጋው ሥዕል ግርጌ የሚያሳየው ዓምድም አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠውን ገንዘብ ሳይሆን፣ ዋጋው በእርሱ ዘንድ ስንት ጊዜ እንደ ተነቃነቀ ብቻ የሚቈጥር ነው፤ ያነቃነቀው አንድ ሺሕ ዶላርም ይሁን መቶ ሚሊዮን፣ ቍጥሩ ያው አንድ ነው።

ከንቱ ነው አልልም፤ የገበያውን ሙቀትና ብርደት ያመለክታልና። ነገር ግን የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በአፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. ባደረገው ቈጠራ የዚህ ግብይት የቀን አማካይ 2.1 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ ሳለ፣ የአንዱን ደላላ ቍጥር የዓለም ምስክር አድርጎ መቀበል ታላቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፣ ጥሪታችሁን ከማፍሰሳችሁ አስቀድሞ የቍጥሩን ምንጭ ጠይቁ፤ የውሉ ብዛት በእርግጥ ከሚመዘገብበት ከቺካጎ የወደፊት ውል ገበያም ጋር አስተያዩት።