ውፍረቱን ተዉት፣ ሶሉን አሳዩን

የመጥለቂያ ጫማ ልትገዙ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ 7 ሚሊ ሜትር። ጫማው የተሠራበት ኒዮፕሪን የሚባለው ጎማ ውፍረት መሆኑ ነው፤ ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ሌላ አይናገርም። ኒዮፕሪን ብርድ የሚከላከለው በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ስላሉት ነው። 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ አረፋዎቹ ይኮማተራሉ፤ የከፈላችሁበት ውፍረትም አብሮ ይሳሳል። በቀዝቃዛ ባሕር ለሚጠልቅ ቁጥሩ ቁም ነገር አለው። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ግን ሚሊ ሜትር አይራመድለትም።

ዳሃብን እንውሰድ። በሲና፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው ይህች የግብፅ ከተማ የምትታወቀው በእግር ተገብቶ በሚጠለቅበት ባሕሯ ነው። ከስመ ጥር መንገዶቿ አንዱ «ቤልስ» በሚባለው የዓለት ስንጥቅ ይጀምርና የኮራሉን ግድግዳ ተከትሎ «ብሉ ሆል» በሚባለው የባሕር ጉድጓድ ላይ ይወጣል። ስንጥቁ ጋ ለመድረስ ግን ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ ድንጋዩን መርገጥ ግድ ነው። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን ወደ 14 ኪሎ ይመዝናል፤ አየር ሲሞላ ከ2 ኪሎ በላይ ይጨምራል። የእርሳሱ መቀነት፣ ጃኬቱና መተንፈሻው ገና አልተቆጠሩም። ይህ ሁሉ ውኃ ውስጥ ይቀላል፤ የብስ ላይ ግን የሚያርፈው በሁለት ውስጠ እግር ላይ ነው።

«የምትራመደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለዚያ ብለህ ከባድ ጫማ ለምን ታደርጋለህ?» ይላሉ። ሰዓት መቁጠር እዚህ ምን ይፈይዳል? ከባሕሩ ውስጥ እግር መሬት አይነካም፤ ጫማው ጫማ የሚሆነው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰም ምክር አለ፦ «ባሕሩ ሞቃት ነው፤ በባዶ እግር የሚጠለቅ የመዋኛ መቅዘፊያ ይበቃሃል።» ከጀልባ ለሚዘል ሰው ልክ ነው። ዳርቻ ላይ ግን መቅዘፊያ አጥልቆ በድንጋይ መካከል መሄድ ስለማይቻል ሰውየው በባዶ እግሩ ይገባል። የባሕር ጃርት ረጃጅም ጥቁር እሾኹን ሥጋ ውስጥ ሰብሮ ይተዋል። ከድንጋይ የማይለየው መርዛማው የድንጋይ ዓሣም በዚሁ ባሕር አለ፤ ጀርባው ላይ የተደረደሩት እሾኾች ስስ ሶል ይበሳሉ። ወፍራሙም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ ሻጭ «ምንም አይነካህም» ካለ አትመኑት።

እንግዲህ ሶሉን እንመርምር። አንድ እጃችሁን ከጫማው ውስጥ አስገቡ፤ በሌላው አውራ ጣት ሶሉን ከሥር ተጫኑ። ጣታችሁ ጥርት ብሎ ከተሰማችሁ የያዛችሁት ካልሲ ነው። ከተረከዝና ከጫፉ ይዛችሁ ስትጠመዝዙት እንደ ፎጣ የሚጨመቅ ከሆነ መልሱት። ጎማው ወደ ጎን ወጥቶ ጣቶችንና ተረከዝን ማቀፍ አለበት፤ ድንጋይ የሚመታው ከሥር ብቻ አይደለምና። አንገቱም ቁርጭምጭሚትን ይለፍ። በሌላ በኩል ጭራሽ የማይታጠፍ ሶል ዓለት ላይ ሚዛን ያስታል፤ ከጣቶቹ ሥር መታጠፍ አለበት። አልጌ የለበሰ ድንጋይ ላይ ደግሞ ጥርሳም ጎማም ያዳልጣል፤ እዚያ የተሻለ የሚይዘው የፌልት ሶል ነው። በድንጋያማ ወንዝ የሚያጠምዱ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። የመጥለቂያ ሱቆች ግን «የማያዳልጥ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው አንዱን ሶል ለድንጋይ ሁሉ ይሸጣሉ።

የስስ ጫማን ገበያ ያደራው ሌላው ልማድ መቅዘፊያን አስቀድሞ መግዛት ነው። ገዢው በቀለሙ ይማረክና ይገዛዋል፤ ከዚያ ከመቅዘፊያው ውስጥ የሚገባ ጫማ ፍለጋ ይዞራል። ጠንካራው ሶል አልገባ ይላል፤ ስሱ ሰተት ይላል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ጫማው ተመርጦና ተደርጎ መቅዘፊያው በእሱ ላይ ቢለካ፣ ይህ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

አንድ ተቃውሞ ግን አከብራለሁ፤ ጠንካራ ጫማ ያደረገ ሰው ደፍሮ ኮራል ይረግጣል የሚለውን። እውነት አለው፤ ኮራል ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፣ አንድ እርምጃ የሚሰብረውም ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። መፍትሔው ግን መግቢያውን መወሰን እንጂ እግርን ማራቆት አይደለም። በእስራኤሏ ኢላት ባለው የኮራል ቢች ጥብቅ ስፍራ ጎብኚዎች ወደ ጥልቁ የሚገቡት ከኮራሉ በላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው። ድልድይ በሌለበት ጠላቂው በኮራሉ መካከል አሸዋማ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ እዚያ እስኪደርስም የሚረግጠው ድንጋይ ነው።