ባለ ርስትና ባለ ጉልት በሬክሰም ሜዳ

በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ፣ ከእንግሊዝ ወሰን እምብዛም ሳይርቅ በተቆረቆረው በሬክሰም ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ሬስኮርስ ግራውንድ፣ በአገሬው ቋንቋ ደግሞ ካይ ራስ የሚባል የእግር ኳስ ሜዳ አለ፤ በ1877 (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) የዌልስ ብሔራዊ ቡድን በገዛ ምድሩ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ከስኮትላንድ ጋር ያደረገው በዚሁ ሥፍራ በመሆኑ፣ ዛሬም ድረስ የአገር ቡድኖች ከሚጋጠሙባቸው የዓለም ስታዲየሞች ሁሉ በዕድሜ ይቀድማል። ከሜዳው አራት ወገኖች አንዱ፣ ከግቡ በስተ ኋላ ያለውና ኮፕ የሚባለው፣ ሠራተኛው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ቆሞ የሚመለከትበት እርከን ነበር። በ2008 ለተመልካች ደኅንነት አያስተማምንም ተብሎ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ምእመናን እንደ ራቁት ደብር ጭር ብሎ ከቆየ በኋላ በ2023 ፈረሰ። በእርሱ ፈንታ የሚሠራው በመጀመሪያ 5,500 ሰው እንዲይዝ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ዕቅዱ ሰፍቶ ከ7,000 በላይ መቀመጫ እንዲኖረው፣ ፊቱም ያ አገር በጥንት ጊዜ ስመ ጥር በሆነበት በቀይ ጡብ አምሳል እንዲሆን ተወስኗል።

ይህን ሥራ ያስጀመሩት ሁለት የፊልም ሰዎች ናቸው። ካናዳዊው ራያን ሬይኖልድስና አሜሪካዊው ሮብ ማኬልሄኒ ክለቡን በ2021 ሲረከቡት፣ ክለቡ ከእንግሊዝ እግር ኳስ እርከኖች በአምስተኛው ላይ ወድቆ የሚኖር፣ ባለቤቶቹም ገንዘብ በማዋጣት ከሞት ያተረፉት ደጋፊዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የደጋፊዎቹ ማኅበር አባላት በ2020 መጨረሻ ድምፅ በሰጡ ጊዜ፣ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በክለቡ ላይ ለማዋል ቃል የገቡትን እነዚህን እንግዶች ከመቶ 98.6 እጁ ተቀበላቸው። እንግዶቹም ቃላቸውን አላጠፉም። ቡድኑ በ2023 በ111 ነጥብ፣ ይኸውም በዚያ እርከን ከዚያ በፊት ማንም ባልደረሰበት ውጤት፣ ወደ አራተኛው አደገ፤ በ2024 ወደ ሦስተኛው፣ በ2025 ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወጣ፤ ከላይኞቹ አምስት እርከኖች ውስጥ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያደገ ክለብ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ስለ ክለቡ በየዓመቱ የሚቀርበው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የከተማዪቱን ስም በዓለም ዳርቻ አሰማው፤ በአዲስ አበባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝን ጨዋታ ለማየት በየቴሌቪዥኑ ቤት የሚሰበሰበው ወጣትም ሬክሰም የሚለውን ስም ለመድ አድርጎታል። ይህን ሁሉ ያለ ቅናት አመሰግናለሁ፤ የምጽፈውም ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም።

የምጽፈው ግን ስለ ባለቤትነት ያለን አስተሳሰብ በእንዲህ ያለው የደስታ ጊዜ ስለሚደበዝዝ ነው። የእኛ አባቶች በመሬት ጉዳይ ሁለት ነገሮችን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ርስትንና ጉልትን። ባለ ርስቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደለትን፣ ለልጅ ልጁም የሚያወርደውን መሬት በዘሩ የያዘ ሲሆን፣ ባለ ጉልቱ ግን ከንጉሥ በተሰጠው ሥልጣን፣ ስለሚያበረክተው አገልግሎት፣ የዚያን መሬት ግብር የሚበላ ሹም ነበር። ባለ ጉልቱ ደግ ሲሆን አገሩ ይለማል፤ ክፉ ሲሆን ይጎሳቆላል፤ ነገር ግን ደግም ሆነ ክፉ አንድ ቀን ይሻርና ይሄዳል፤ ባለ ርስቱ ግን ከነልጆቹ በዚያው ይቀራል። ያ ሥርዓት በብዙ በደል የተሞላ እንደ ነበረ አልስተውም፤ እንዲመለስም የሚመኝ ልብ የለኝም፤ ነገር ግን በውስጡ የነበረው ይህ አንድ ልዩነት ስለ እግር ኳስ ክለቦች ባሰብሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ሬይኖልድስና ማኬልሄኒ ለሬክሰም መልካም ባለ ጉልቶች ናቸው። ባለ ርስቱ ግን ሌላ ነው።

ባለ ርስቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ መስከረም 1934 መመለስ ያስፈልጋል። ከከተማዪቱ አጠገብ በነበረው በግሬስፎርድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 22 ቀን ገና ሳይነጋ፣ ታላቅ ፍንዳታ ደርሶ 266 ሰዎች ሞቱ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሬክሰም ከትራንሜር ሮቨርስ ጋር በሬስኮርስ ይጋጠም ስለ ነበር፣ ከእነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው ሲሉ ተራቸውን ለውጠው በሌሊቱ ፈረቃ ወርደው ነበር። ከዚያ ጉድጓድ የወጣው አስከሬን 11 ብቻ ነው፤ እሳቱና መርዘኛው አየር አላስጠጋ ስላለ ጉድጓዱ ተደፍኖ የቀሩት ሁሉ በዚያው በምድር ሆድ ውስጥ አርፈዋል። አባቶቻችን ከዘር የወረደውን መሬት ዐፅመ ርስት ያሉት የአባት ዐፅም ያረፈበት ነው ለማለት ነው፤ እኔም ይህን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ለሬክሰም ሕዝብ ከዚህ ቃል የሚሻል ስም አላገኘሁለትም፤ ለዚያ ሜዳ ፍቅር ብለው ተራቸውን የለወጡ ሰዎች ዐፅም ከከተማዪቱ አጠገብ ዛሬም ከመሬት በታች አለ።

በዚህ ርስት ላይ የመጣው መከራ ደግሞ ከጉድጓዱ ብቻ አልነበረም። በዚህ መቶ ዓመት መባቻ የክለቡ ባለቤት የነበረው ሰው የሜዳውን መሬት ከክለቡ ነጥሎ በሌላ ስም ካደረገ በኋላ፣ ክለቡን በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ አስወጥቶ ሥፍራውን ለሕንፃ ሥራ ለመሸጥ ተነሣ። በ2004 ክለቡ ዕዳውን መክፈል ተስኖት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ በዚሁ ምክንያት 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በእንግሊዝ ሊግ በአዲሱ ደንብ እንዲህ ያለ ቅጣት ሲደርስበት የመጀመሪያው እርሱ ነበር። መሬቱን ያዳነው ፍርድ ቤት ነው፤ መሬቱ ከክለቡ የተወሰደው አላግባብ ነው ብሎ ስለ ፈረደ። ቢሆንም ቡድኑ በ2008 ከሊጉ ጨርሶ ወጣ፤ በ2011 ደግሞ ወቅቱን ለመጀመር የሚያስፈልገው የዋስትና ገንዘብ ታጥቶ ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ደጋፊዎቹ በአንድ ቀን ውስጥ ከ100,000 ፓውንድ በላይ አዋጥተው አቆሙት፤ ከዚያም ክለቡን ራሳቸው ተረከቡት። እንግዲህ በ2020 ድምፅ የሰጡት ሰዎች ያስረከቡት እቃ ምን እንደ ነበር ማስተዋል ይገባል፤ ከሞት አፋፍ የመለሱትን ነገር ነው፣ በሁለት እንግዶች መልካም ፈቃድ ላይ ታምነው፣ ከእጃቸው ያወጡት።

መልካም ፈቃድ ብቻውን እስከ የት እንደሚያደርስ ሌላ ክለብ አሳይቶናል። ዘፋኙ ኤልተን ጆን ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በዋትፎርድ ክለብ በ1976 ሊቀ መንበር በሆኑ ጊዜ፣ ቡድኑ በአራተኛው ዲቪዚዮን ነበር። እርሳቸው በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በዚያው በቪካሬጅ ሮድ ሜዳ ቆመው ያደጉ፣ በ1974ም ለክለቡ ገንዘብ ለመሰብሰብ በሜዳው የዘፈን ትርዒት ያሳዩ ሰው ናቸው። ግራሃም ቴይለርን አሠልጣኝ አድርገው ሾሙ፤ ቡድኑ በ1982 የመጀመሪያው ዲቪዚዮን ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ፤ በ1984 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ቆመ። ከዚህ የበለጠ ቅን፣ ከዚህም የበለጠ የሜዳው ልጅ የሆነ ባለ ዝና ባለቤት ሊገኝ አይችልም። ሆኖም በ1987 አሠልጣኙ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ዘፋኙም ክለቡን ሸጡ፤ ቡድኑም በ1988 ከመጀመሪያው ዲቪዚዮን ወረደ። በኋላ ተመልሰው መጥተዋል፤ በ2014 የተሠራው የመቀመጫ ወገንም በስማቸው ይጠራል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ያን ያህል ፍቅር የነበራቸው ሰው እንኳ አንድ ቀን ድካም ወይም ሌላ ጉዳይ ይዟቸው ከሄዱ፣ ዝናቸው ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ኑሯቸውም በሌላ አህጉር የሆነ ሰዎች እስከ መቼ ይቆያሉ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም። ዝና ራሱ ኃላፊ ነው፤ ተመልካቹ ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሜዳው ግን ከዚያ አይሻገርም።

ሜዳው ያለ ሌላ ጠባቂ በባለቤቱ እጅ ብቻ ቢቀር ምን እንደሚሆን የእንግሊዙ የብራይተን ክለብ ሰዎች ያውቁታል። ከ1902 ጀምሮ የተጫወቱበት ጎልድስቶን የተባለው ሜዳ በባለቤቶቹ ተሸጦ በ1997 ለገበያ አዳራሽ ሆነ፤ ቡድኑም ለሁለት ዓመት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጊሊንግሃም ከተማ በእንግድነት ተጫወተ፤ ወደ ሙሉ ስታዲየም የገባው በ2011 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያረጁና የሞቱ ደጋፊዎች ቁጥር የትም አልተጻፈም።

የሬክሰምን ማስፋፊያ ስመለከት እንግዲህ የመቀመጫው ብዛት አያስደነግጠኝም። ያ ሜዳ በ1957 ማንቸስተር ዩናይትድ በመጣ ጊዜ 34,445 ሰው ይዟል፤ ብዙ ሕዝብ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሌላው ክለብ በርሚንግሃም ሲቲ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከብ የነበረው ቶም ብሬዲ ባለ ድርሻ የሆነበት፣ 62,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለመሥራት ካቀደ ወዲህ የሬክሰም ዕቅድ ትሕትና ያለው ሆኖ ይታያል። የሚያሳስበኝ በአዲሱ ኮፕ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። ፊልሙን አይቶ ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ ለአንዲት ጨዋታ የሚከፍለውን ዋጋ፣ የከተማዪቱ ልጅ በየሳምንቱ ሊከፍለው አይችልም፤ መንገደኛው ይምጣ፤ ምግብ ቤቶቹና ማረፊያዎቹ ይኑሩበት፤ ነገር ግን አባቱ በአሮጌው እርከን ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ ልጁን ይዞ በአዲሱ ጡብ ጥላ ሥር የሚገባበት ዋጋና ሥፍራ ከወዲሁ ተወስኖ ካልተቀመጠ፣ ክለቡ ከፍ ሲል እርሱ ከሜዳው ውጭ ይቀራል። ይህን ለማለት ምቀኝነት አያስፈልግም፤ ሒሳብ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ሥራም የዌልስ መንግሥትና የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ ገንዘብ ስለ መደቡ፣ የሕዝብ ድርሻ ይታወቅ ማለት ልመና ሳይሆን መብት ነው።

ደግነቱ የእንግሊዝ መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን ነቅቷል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት በላይኞቹ አምስት እርከኖች ለሚጫወቱ ክለቦች ነጻ ተቆጣጣሪ ተሹሟል፤ ክለብም ሜዳውን ያለዚህ ተቆጣጣሪ ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ይህ ሕግ በ2004 ቢኖር ኖሮ የሬክሰም ሰዎች ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ባላጡ ነበር። ነገር ግን የሹም ፈቃድ ርስት አይደለም፤ ዛሬ የሚከለክለው ሹም ነገ ሊፈቅድ ይችላል። የሚያሻው የሕዝቡን መብት በሕዝቡ እጅ የሚያኖር ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ የደጋፊዎቹ ማኅበር አንዲት አክሲዮን ቢኖረው፣ በእርሷም ያለ ማኅበሩ ድምፅ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ክለቡ ከከተማዪቱ እንዳይነሣ፣ ከኮፑ መቀመጫዎች የተወሰነው ክፍል ለአገሬው ሰው በአቅሙ እንዲሰጥ የሚያስር ቃል ኪዳን ቢጻፍ፣ ባለቤቶቹ የሚያጡት ምንድን ነው? ክለቡን ለማሳደግ፣ ተጫዋች ለመግዛት፣ ማስታወቂያ ለማሠራት ያላቸው ሥልጣን ሁሉ እንደ ነበረ ይቆያል፤ ከእጃቸው የሚወጣው የማይፈልጉት ነገር፣ ማለትም ሜዳውን ለመሸጥ ያላቸው ነጻነት ብቻ ነው።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸ ባለጸጋ ስሙ በጸሎት ይነሣል፤ በበዓሉ ቀን በክብር ይቀመጣል፤ ደብሩን ግን አይሸጥም፤ ደብሩ የእርሱ አይደለምና። ሬይኖልድስና ማኬልሄኒ በ2022 የሬስኮርስን መሬት በመካከሉ በእጁ ከገባው ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ገዝተው ለክለቡ ሲያደርጉ፣ ከመሬቱ ጋር ይህን አደራም አብረው እንደ ተቀበሉ አምናለሁ፤ ስለዚህም ጽሑፉን የሚጠይቃቸውን ሰው እንደ ጠላት አያዩትም። ሰዎቹ ገና በፍቅር ላይ ሳሉ፣ ቡድኑም ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ የአዲሱ ኮፕ ጣራ ከመልበሱ በፊት ቢጻፍ ይቀላል።