የቅቤ ዋጋ በጥሬው ሳይሆን በንጥሩ ይቆጠር



በዓል በቀረበ ቁጥር እዚህ ቻናል ላይ የሚበዛው ጥያቄ ያው ነው፦ «ቅቤ ስንት ገባ?» እኛም ለጋው ይሄን ያህል፣ መካከለኛው ይሄን ያህል፣ በሳሉ ይሄን ያህል ብለን እንለጥፋለን። ዛሬ ግን የራሳችንን ሥራ ልተች ነው። የጥሬ ቅቤ የኪሎ ዋጋ ብቻውን የቱ ውድ፣ የቱ ርካሽ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ጥሬ ቅቤ ቅባት ብቻ አይደለማ! ውስጡ ውሃም አለ፣ አሬራም አለ። የምንከፍለው ለጥሬው ነው፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው ግን ተነጥሮ የተረፈው ነው።

ባለፈው ፋሲካ እኔው ራሴ ተሸውጃለሁ። ደንበኛዬን ትቼ ኪሎው ላይ 100 ብር ከቀነሰልኝ ሌላ ሻጭ 3 ኪሎ ገዛሁ። ድስት ላይ ሲወጣ መንጣጣቱን አልተው አለ። ተጣርቶ ሲመዘን 2 ኪሎ እንኳን አልሞላም፤ 1 ኪሎ ከ950 ግራም! ባለቤቴ «ውሃውን ከቧንቧ ብንቀዳው ይረክስልን ነበር» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ?

ሂሳቡን እንየው። ለስሌት እንዲቀል ክብ ቁጥር ልጠቀም፣ የዛሬ ዋጋ እንዳይመስላችሁ፦

• አንደኛው ቅቤ፦ ኪሎው 1,000 ብር፣ ሲነጠር 800 ግራም ይተርፋል። የንጥሩ ኪሎ 1,250 ብር መጣ ማለት ነው።
• ሁለተኛው ቅቤ፦ ኪሎው 900 ብር፣ ሲነጠር 650 ግራም ይተርፋል። የንጥሩ ኪሎ 1,385 ብር ገደማ።

«ርካሹ» በ135 ብር ተወደደ!

ስለዚህ ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ሩብ ኪሎ ብቻ ግዙ። የተጠቀለለበት ኮባ ሳይቆጠር ይመዘን። ቅመም ሳትጨምሩ አንጥሩት፣ መንጣጣቱን ሲያቆም አጥሩና መዝኑ። 200 ግራም ከተረፈ ከኪሎው 800 ግራም ታገኛላችሁ። ይህ ሙከራ ግን የሚያጋልጠው ውሃን ነው። የሚረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤ በሚዛን ሊያልፋችሁ ይችላል፤ እሱን በሽታውና በጣዕሙ መለየት የእናንተ ፋንታ ነው።

ንጥር በሊትር የምትገዙም አስተውሉ። አንድ ሊትር የቀለጠ ቅቤ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ 910 ግራም ገደማ ነው። በሊትር ማሰሮ ተለክቶ በኪሎ ዋጋ ከተሸጠላችሁ 90 ግራም ቀረባችሁ።

ኬክ ለምትጋግሩ ደግሞ፦ የአሜሪካ አሠራር ላይ «አንድ ካፕ ቅቤ» ሲል 227 ግራም ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ቅባት ስለሆነ በ250 ግራሙ ፋንታ ቅመም ያልገባበት ንጥር 200 ግራምና ትንሽ ወተት ይበቃል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ግን ለወጡ ተዉት።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ቅቤ ውስጥ ውሃ መኖሩ ሁሌ ማጭበርበር አይደለም፣ የአናናጥና የአስተጣጠብ ጉዳይም ነው። ግን በጥሬ ኪሎ ብቻ ስንገዛ አሬራውን ደህና አድርጋ ያወጣችው ሴት ትጎዳለች፤ ውሃውን የተወው ይጠቀማል። ዓመት ሙሉ እንዲህ እየገዛን «ጥሩ ቅቤ ጠፋ» ብንል ማን ይሰማናል?

ከዛሬ ጀምሮ ሩብ ኪሎ ያነጠራችሁ ከየት ሰፈር እንደገዛችሁ፣ ስንት እንደከፈላችሁና ስንት ግራም እንደተረፋችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከጥሬው ዋጋ ጎን የንጥሩንም እንለጥፋለን።

ለበዓል ሸማች ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ። መልካም ገበያ!